የመምህር ሚዛን፤ በወረርሽኝ ዘመን ስለ ተማሪዎች ውጤት

ሚዛን ይዞ የሚቆም ሰው ሁሉ ፈራጅ ነው። ነጋዴ በእህል ላይ፣ ዳኛ በነገር ላይ፣ መምህርም በተማሪው ዕውቀት ላይ ሚዛን ይይዛል። ከሦስቱ የመምህሩ ሚዛን ቀላል መስሎ ይታያል፤ በወረቀት ላይ የሚጻፍ አንድ ቍጥር ነውና። ይሁን እንጂ ያ ቍጥር ለአንዱ ልጅ የከፍተኛ ትምህርትን በር ይከፍትለታል፣ በሌላው ላይ ይዘጋበታል፤ ወላጅን ያስደስታል ወይም ያሳዝናል፤ ልጁም ስለ ራሱ ያለውን አሳብ ይለውጣል። እህል ቢጐድል ገዢው ተመልሶ ይከራከራል፤ ውጤት የጐደለበት ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ በመምህር ሚዛን ላይ የሚደረገው ጥንቃቄ በገበያ ሚዛን ላይ ከሚደረገው ሊያንስ አይገባም።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን በቴፒ ከተማ የሚያስተምር አንድ ወንድማችን ያቀረበልን ጥያቄ ነው። ቴፒ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሸካ ዞን በየኪ ወረዳ የምትገኝ፣ በቡናና በቅመማ ቅመም የታወቀች ከተማ ናት። ጥያቄው በአንድ ከተማ ቢነሣም የብዙ መምህራንና የብዙ ወላጆች ጥያቄ ነው፤ ካህናትም በየአጥቢያቸው ይጠየቁታል። ወረርሽኙ ካለፈም በኋላ ጥያቄው አላለፈም፤ በሕመም፣ በስደት፣ ወይም በጠብ ምክንያት ትምህርት በሚቋረጥበት ቦታ ሁሉ ይመለሳልና።

የነገሩ መነሻ የታወቀ ነው። የኮሮና በሽታ በአገራችን መጀመሪያ የታየው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ። በኢትዮጵያ ከ26 ሚሊዮን የሚበልጥ፣ በዓለምም ከ190 በሚበልጡ አገሮች ከ1.5 ቢሊዮን የሚበልጥ ተማሪ ከትምህርት ገበታ ተለየ። ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በሬዲዮ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በቴሌቪዥን ትምህርት እንዲሰጥ ተደረገ፤ በከተማ ያሉ አንዳንድ ትምህርት ቤቶችም በቴሌግራም ጽሑፍና ጥያቄ ይልኩ ነበር። በኋላም ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በቀር ያሉት ተማሪዎች ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲዛወሩ፣ ያመለጣቸውንም ትምህርት ሲከፈት እንዲያካክሱ ተወሰነ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ቤቶች በየተራ ተከፈቱ። በዚያ ወር ደግሞ በቴፒና በሚዛን አካባቢ ቡና ይለቀማል።

ወንድማችን ትምህርት በተከፈተ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ከቅዳሴ በኋላ መጥቶ እንዲህ አለን፤ «አባታችን፣ በክፍሌ ውስጥ ሁለት ልጆች አሉ። አንደኛው የነጋዴ ልጅ ነው፤ በተዘጋው ወራት ቴሌቪዥን ነበረው፣ ታላቅ ወንድሙም ያስጠናው ነበር። ሁለተኛው የቡና ለቃሚ ልጅ ነው፤ በቤታቸው መብራት የለም፤ እነዚያን ወራት ሁሉ ደብተር ሳይገልጥ ከረመ፤ አሁንም ለቀማው ስለ ደረሰ በሳምንት ሁለት ቀን ይቀራል። ከወረርሽኙ በፊት በዕውቀት እኩዮች ነበሩ። አሁን ብፈትናቸው አንደኛው ከመቶ 78፣ ሁለተኛው 31 አገኘ። የዚህ ልጅ አባት ‹ዘንድሮ ከወደቀ ከእኔ ጋር ይለቅማል› ብሏል። ቍጥሩን እንዳለ ብጽፈው ድኻውን በድኽነቱ የቀጣሁት ይመስለኛል፤ ብጨምርለት ደግሞ እዋሻለሁ። ምን ላድርግ?»

እውነቱን ለመናገር፣ እኛም ርኅራኄ አሸንፎን «ጨምርለት» ልንለው ቀርበን ነበር። ነገር ግን ቃሉ ከአፋችን ሳይወጣ፣ «እዋሻለሁ» ያለው ነገር ከለከለን። ቍጥር እንዴት ውሸት ይሆናል? ብለንም ራሳችንን ጠየቅን።

ይህን ለመመለስ ውጤት ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ መመርመር ይገባል። ውጤት ደመወዝ አይደለም፤ ምጽዋትም አይደለም፤ ቅጣትም አይደለም። ውጤት ምስክርነት ነው። ይህንም ከራሳችን ፈጥረን አንናገርም፤ ቋንቋችንና የአባቶቻችን ትምህርት ቤት ያስረዱናል። ድጓ የተማረ ሊቅ በጋይንት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የተማረም በዙር አምባ ትምህርቱን ሲፈጽም «አስመሰከረ» ይባላል። ከዘመናዊው ትምህርት ቤት የሚሰጠውንም ወረቀት ሕዝባችን «ምስክር ወረቀት» ብሎ ይጠራዋል። እንግዲህ መምህር ቍጥር ሲጽፍ፣ ልጁን ለማያውቀው ሰው፣ ይኸውም ለሚቀጥለው መምህርና ለወደፊቱ አሠሪ፣ «ይህ ሰው ይህን ያህል ያውቃል፤ መርምሬ አግኝቼዋለሁ» ማለቱ ነው።

ውጤት ምስክርነት ከሆነ የሚገዛው ትእዛዝ የታወቀ ነው፤ በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ከዐሥሩ ቃላት አንዱ ነው። በዚህ ትእዛዝ ፊት መምህር በሁለት መንገድ ሊወድቅ ይችላል።

የመጀመሪያው መንገድ ግልጽ ነው፤ 31 ላገኘው ልጅ 60 ብሎ መጻፍ ነው። ይህ ርኅራኄ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚያስከትለውን እንመልከት። ልጁ ያላወቀውን ያውቃል ተብሎ ወደሚቀጥለው ትምህርት ይሻገራል፤ በዚያ ያለው መምህርም ወረቀቱን አምኖ ከታች ያለውን አያስተምረውም። ስለዚህ የተጨመረለት ቍጥር የጐደለውን ዕውቀት የሚያገኝበትን በር ይዘጋበታል። ሐዋርያው ያዕቆብ፣ የተራበውን ሰው ሳይመግቡ በመልካም ቃል ብቻ የሚያሰናብቱትን እንደ ገሠጸ፣ እንዲህ ያለውም ርኅራኄ ተግሣጽ ይገባዋል።

ሁለተኛው መንገድ ግን ስውር ነው። መምህሩ 31 ብሎ ይጽፋል፤ ቍጥሩ ወረቀቱ ላይ ከተገኘው ጋር ይስማማል፤ ነገር ግን ያንን ቍጥር የሚያነብ ሰው ሁሉ «ይህ ልጅ ተምሮ አልገባውም» ብሎ ይረዳዋል። እውነቱ ግን ልጁ አልተማረም። ምስክር የሚጠየቀው ከአፉ በወጣው ቃል ብቻ አይደለም፤ ሰሚው በሚረዳው ነገርም ነው። ያልተማረውን ልጅ ተምሮ እንዳላወቀ አድርጎ ማሳየት፣ ቍጥሩ ልክ ቢሆን እንኳ፣ ምስክርነቱን ያጐድፈዋል። በኦሪት ዘሌዋውያን በ19ኛው ምዕራፍ ለፈራጅ የተሰጠው ሕግ ሁለቱንም ወገን የሚያይ መሆኑን እናስተውል፤ ባለጠጋውን ማክበርን ብቻ ሳይሆን ለድኻው ማዳላትንም ይከለክላል። ድኻውን የምንረዳው በእውነት እንጂ በማዳላት አይደለም።

ምናልባት አንድ ሰው «ፈተናው አንድ ነው፤ ለሁሉም አንድ ሚዛን መያዝ ፍትሕ ነው» ይል ይሆናል። ምሳሌውን ከአገሩ ፍሬ እንውሰድ። ከዛፍ የተለቀመ እሸት ቡና በሚዛን ላይ ይከብዳል፤ ደርቆ ጀንፈል ሲሆን ይቀልላል፤ ተፈልፍሎ ንጹሕ ፍሬ ሲሆን ደግሞ ከስድስት ኪሎ ያህል እሸት የሚገኘው አንድ ኪሎ ያህል ነው። ሚዛኑ አንድ ነው፤ መለኪያውም አንድ ነው፤ ነገር ግን እሸቱን ከደረቁ ጋር አስተያይቶ «የእኔ ምርት ይበልጣል» የሚል ገበሬ፣ ሚዛኑ ትክክል ሳለ ፍርዱ ሐሰት ይሆናል። የተማረውንና ያልተማረውን በአንድ ፈተና መዝኖ «ይህ ጐበዝ ነው፣ ያ ሰነፍ ነው» ማለትም እንደዚሁ ነው። አንድ ሚዛን ፍትሕ የሚሆነው የሚመዘነው ነገር አንድ ሲሆን ነው።

ዳግመኛም የቡናን ደረጃ የሚወስኑትን ባለሙያዎች እንመልከት። በ2000 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በኢትዮጵያ ምርት ገበያ፣ ከጭነቱ ናሙና ይወሰዳል፤ መርማሪው የማን ቡና እንደ ሆነ እንዳያውቅ በመለያ ቍጥር ይቀርብለታል፤ ፍሬው ይታያል፣ ይቈላል፣ ይቀመሳል፤ ከዚያ በኋላ ደረጃው ይጻፋል። ናሙናው ያልደረሰው ቀማሽ «የጐረቤቱ ቡና አምና እንዲህ ነበር» ብሎ ደረጃ ቢጽፍ ማን ያምነዋል?

ይህን የመሰለ ነገር ግን በሠለጠነ አገር ተደርጓል። በእንግሊዝ አገር በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ፈተና ስለ ቀረ፣ መምህራን ለየተማሪዎቻቸው ይገባል ያሉትን ደረጃ ጽፈው ላኩ። ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት ደግሞ መምህራን አብዝተው እንዳይሰጡ ሠግቶ፣ የየትምህርት ቤቱን ያለፉ ዓመታት ውጤት መሠረት ያደረገ የሒሳብ ቀመር አወጣ። ነሐሴ 7 ቀን ውጤቱ ሲነገር፣ መምህራኑ ከገመቱት ከመቶ 39 ያህሉ ዝቅ ተደርጎ ተገኘ። በደካማ ትምህርት ቤት የተማረ ብርቱ ልጅ፣ ከእርሱ በፊት በነበሩት ልጆች ድካም ተመዘነ፤ የተማሪ ቍጥር እጅግ አነስተኛ በሆነባቸው ክፍሎች ግን የመምህሩ ግምት ስለ ተጠበቀ፣ እንዲህ ያሉ ክፍሎች የሚበዙባቸው የግል ትምህርት ቤቶች ተጠቀሙ። ነቢዩ ሕዝቅኤል ልጅ በአባቱ በደል እንደማይጠየቅ አስተምሮ ሳለ፣ እነዚህ ልጆች ዘመዶቻቸው እንኳ ባልሆኑ በቀደሙ ተማሪዎች ተጠየቁ። ጩኸቱ ስለ በዛ ከአራት ቀን በኋላ፣ ነሐሴ 11 ቀን፣ ቀመሩ ተሽሮ የመምህራኑ ግምት ጸና። በዚህም ጊዜ ከፍተኛውን ደረጃ ያገኘው ብዛት፣ አምና ከመቶ 25 ያህል የነበረው፣ በአንድ ዓመት ወደ 38 ያህል ወጣ። በተዘጋ ትምህርት ቤት ዕውቀት እንዲህ ሊጨምር አይችልም። እንግዲህ ከአንዱ የሐሰት ምስክርነት ሲሸሹ በሌላው ላይ ወደቁ፤ ያላዩትን ለመመስከር ሞክረዋልና።

ከመጻሕፍት የተማረ ሰው ደግሞ በዚህ ላይ ብርቱ ጥያቄ ያነሣል። ጌታችን በወንጌል ስለ ወይን አትክልት ሠራተኞች በተናገረው ምሳሌ፣ በዐሥራ አንደኛው ሰዓት የገባው ከማለዳ ጀምሮ ከደከመው ጋር እኩል ዲናር አልተቀበለምን? ስለ ምን መምህር እንዲሁ ለሁሉም እኩል አይሰጥም? መልሳችን ይህ ነው፤ ባለ ወይኑ የሰጠው የራሱን ገንዘብ ነው፤ ከራሱም የሚሰጥ ሰው ቸርነቱን አይከለከልም። ውጤት ግን የመምህሩ ገንዘብ አይደለም። የመምህሩ ገንዘብ ጊዜው፣ ጕልበቱና ዕውቀቱ ነው። ስለዚህ ቸር መሆን የሚወድ መምህር ከዚህ ከራሱ ይስጥ፤ ኋላ ለመጣው ልጅ አንድ ሰዓት ይጨምርለት፤ ደጋግሞ ያስተምረው። ምሕረት በማስተማር ላይ ይብዛ፤ በምስክርነት ላይ ግን እውነት ይጽና።

ታዲያ መምህር ያላየውን ሲጠየቅ ምን ይመልስ? እውነተኛ ምስክር ያላየውን አላየሁም ይላል። ይህም ሦስተኛ መንገድ ነው፤ «ወድቋል» አይልም፣ «በልጧል» አይልም፤ «ገና አልመረመርሁትም፤ ገና አልፈጸመም» ይላል። በአሜሪካ የሚገኘው የሃርቫርድ ኮሌጅ በዚያ ወራት የተለመደውን የደረጃ ፊደል ትቶ ሥራው አጥጋቢ መሆኑን ወይም አለመሆኑን ብቻ መዝግቧል። በአገራችንም የ12ኛ ክፍል ፈተና በግምት አልተተካም፤ በታብሌት ሊሰጥ ታስቦ መሣሪያው በጊዜው ስላልደረሰ፣ ከየካቲት 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በወረቀት ተሰጠ። የዘገየ ምስክርነት ነው፤ ነገር ግን ታይቶ የተሰጠ ነው።

በአብነት ትምህርት ቤት ይህ መንገድ የቆየ ነው። እኛ በልጅነታችን በዜማ ቤት ሳለን ወባ ይዞን አንድ ክረምት ሙሉ ከጉባኤ ቀረን። ስንመለስ ጓደኞቻችን ርቀው ሄደዋል፤ እኛም አፍረን በጎጆው ደጅ ቆምን። የኔታ «ሰነፍህ» አላሉንም፤ «ደርሰሃል» ብለውም ከጓደኞቻችን ጋር አልቀላቀሉንም። የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የት ላይ ቆመህ ነበር?» አሉን። ከዚያም ከፍ ያለ ተማሪ ሰጥተውን ከቆምንበት ጀመርን። በዚያ ቤት ቍጥር የሚባል ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን ማን ምን እንደሚያውቅ ያልታወቀበት ቀን አልነበረም።

ዳሩ ግን ዝምታም ዋጋ አለው፤ ይህን ሳንናገር ብናልፍ እኛም ሐሰተኞች እንሆናለን። «ገና» የተባለ ልጅ ይጠብቃል፤ የባለጠጋ ልጅ ቤቱ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ የድኻው ልጅ ግን ሲጠብቅ ለቀን ሥራ ይሄዳል፤ ሴቷም ልጅ ስትጠብቅ ትዳራለች። ስለዚህ ማስተማር ያልተከተለው ዝምታ፣ ቍስለኛውን አይተው እንዳለፉት እንደ ካህኑና እንደ ሌዋዊው መሆን ነው። ማስተማር ያልተከተለው መሻገርም ከዚህ አይሻልም። ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ 10ኛ ክፍል የነበሩት ልጆች ሳያቋርጡ ከዘለቁ የ12ኛ ክፍልን ፈተና የወሰዱት በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። በዚያ ፈተና ከተቀመጡት ከ896,000 የሚበልጡ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸው በጥር ወር ተነገረ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነት ነበረ፤ ኵረጃን ለመከልከል የፈተናው አሰጣጥ ጠብቆ ነበር፤ ከወረርሽኙም በፊት የነበረ ድካም ነበር። ሆኖም ከክፍል ወደ ክፍል ያሻገራቸው ወረቀት ስለ ብዙዎቹ እውነቱን እንዳልተናገረ አንድ ቀን ገለጠው። ከእነዚህም ውስጥ ለማለፊያው ከቀረቡት ብዙዎቹ፣ ወደቁ ተብለው ሳይጣሉ፣ አለፉም ተብለው ሳይሸነገሉ፣ በዩኒቨርሲቲዎች የአቅም ማሻሻያ ትምህርት እንዲማሩና ዳግመኛ እንዲፈተኑ ተደርጓል። ይህ ከላይ ሦስተኛ ካልነው መንገድ ጋር የሚስማማ ነው፤ መምጣት የነበረበት ግን አስቀድሞ፣ ገና ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለሥራ የሚሆን ምክር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ መምህራን ሆይ፣ ልጁ የሚያውቀውንና ልጁ የተማረውን ለይታችሁ መዝግቡ። ያልተማረውን ያላወቀ ልጅ ቢገኝ «አልተማረም» ተብሎ ይጻፍ እንጂ በስንፍና አይቈጠርበት፤ ከተማረውም ያወቀው ያለ ጭማሪና ያለ ቅናሽ ይመስከርለት።

ሁለተኛ፣ ከሩቅ የመጣ ሥራ የማን እጅ እንደ ሆነ አይታወቅምና በአፍ ጠይቁ። ይስሐቅ ዐይኖቹ በፈዘዙ ጊዜ የቀረበውን ልጅ ጆሮው ለይቶት ነበር፤ የዳሰሰው ጠጕር ግን አሳተው። ተማሪውን የማያይ መምህርም እንደ ይስሐቅ ነው፤ የተላከለትን ወረቀት ብቻ ቢዳስስ ይታለላል። አጠገቡ አቅርቦ፣ ይህም ባይቻል በስልክ፣ «ይህን እንዴት አገኘኸው?» ብሎ ቢጠይቅ ግን ድምፁ እውነቱን ይነግረዋል።

ሦስተኛ፣ ወላጆች ሆይ፣ ለልጃችሁ የታዘዘውን ሥራ እናንተ አትሥሩለት፤ በገንዘብም አታሠሩለት። ልጁን በሐሰት ምስክርነት ውስጥ ተካፋይ ታደርጉታላችሁና፤ ከሒሳቡ በፊት ሐሰትን ይማራል።

አራተኛ፣ እኛ ካህናት ከዚህ ነገር ራሳችንን ነጻ አናድርግ። የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽና መብራት ያለው አጥቢያ፣ በቤታቸው መብራት ለሌላቸው ልጆች ማታ ማታ ቢከፈት፣ ያወቀው ያላወቀውን ቢያስጠና፣ ምን ይጐድልብናል? በለቀማ ወራትም ልጆች ለትምህርት ሰዓት እንዲለቀቁ ለአባቶችና ለባለ እርሻዎች ልንናገር ይገባናል፤ ቃላችን በሚሰማበት ቦታ ዝም ማለታችን እንደ በደል ይቈጠርብናልና።

ለወንድማችንም የመለስንለት ይህንኑ ነበር። «ልጄ፣ ቍጥሩን አትጨምር፤ ነገር ግን ቍጥሩን ለአባቱ አሳይተህ ዝም አትበል፤ ልጅህ አልወደቀም፣ አልተማረም በለው። ከአንተም ዘንድ ጊዜ ስጠው» አልነው። እርሱም በሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት በኋላ ልጁን ለብቻው ያስተምረው ጀመር፤ ከአባቱም ጋር ተነጋግሮ፣ ለቀማው እስኪያልቅ ልጁ በማለዳ እንዲለቅምና ከሰዓት በኋላ እንዲማር ተስማሙ። ልጁ በዓመቱ መጨረሻ ከመካከለኞቹ አንዱ ሆነ፤ የነጋዴውን ልጅ አልደረሰበትም። መምህሩም ይህን ሲነግረን ጥቂት አዝኖ ነበር። እኛ ግን አላዘንንም፤ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቍጥር እውነት ነበረና፣ ልጁም ቀና ብሎ ሊያነበው ችሏልና።

የእውነት አምላክ ለመምህራን ቅን ሚዛን፣ ለልጆቻችንም ትጋትን ይስጥልን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።